አሜሪካ በአንድ ሰው መልክ፦ የውጭ መገናኛ ብዙኃን የአሜሪካን ፖለቲካ እንዴት ይነግሩናል?

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ከሥራም ከትምህርትም ውላችሁ ድካማችሁን ችላችሁ የመጣችሁ ወጣቶች፣ እንደምን አመሻችሁ። ይህን ጉባኤ ላዘጋጁት የማኅበራችን አባላት፣ በተለይም ከቀትር ጀምረው ወንበር ሲደረድሩና ቡና ሲያፈሉ ለቆዩት እህቶቻችን፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ እላለሁ።

እንድናገርበት የተሰጠኝ ጉዳይ የውጭ አገር መገናኛ ብዙኃን የአሜሪካን ፖለቲካና መሪዎቿን እንዴት አድርገው ለዓለም እንደሚያሳዩ ነው። ብዙውን የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት በዚሁ በዋሽንግተን ዙሪያ ዜና በአማርኛ በማዘጋጀት ስለሆነ፣ ጉዳዩ ከጠረጴዛዬ ተለይቶ አያውቅም። እኛ ከአሌክሳንድሪያ ተነሥተን፣ መንገዱ ካልተጨናነቀ፣ በግማሽ ሰዓት ካፒቶል ደጃፍ የምንደርስ ሰዎች ነን። እንዲያም ሆኖ ማታ ቤታችን ገብተን ስልካችንን ስንከፍት የምናያት አሜሪካ በአብዛኛው ለንደን፣ ዶሃ፣ በርሊን ወይም ሞስኮ ላይ ተዘግባ፣ ከዚያም ወደ አማርኛ ተመልሳ የምትደርሰን አሜሪካ ናት። ይህ ምን አመጣብን? ምንስ አጎደለብን?

እምነቴን ከወዲሁ በግልጽ ላስቀምጥ። የውጭ መገናኛ ብዙኃን በአሜሪካ ዘገባቸው የሚያደርሱት ትልቁ ጉዳት አገሪቱን በአንድ ሰው መልክ መሳላቸው ነው። ሰውየውን ቢያወድሱትም ቢያወግዙትም ጉዳቱ ያው ነው፤ አድማጩ ውሳኔ የሚወሰንበትን ቦታ ሳያውቅ ይቀራል። ይህን በሦስት ነጥቦች ለማስረዳት እሞክራለሁ። መጀመሪያ ይህ የአንድ ሰው ታሪክ ከየት እንደመጣ፣ ቀጥሎ ዘጋቢው ታሪኩን አስቀድሞ ጽፎ ሲመጣ ምን እንደሚሆን፣ በመጨረሻም በአማርኛ ዜና የምንሠራውና የምንሰማው እኛ ራሳችን የት እንዳለን አነሣለሁ።

ወደ አንደኛው ነጥብ ልግባ። ነገርን ነገር ያነሣዋልና ከደሴ ልጀምር። ዘመኑ የ1966 ዓ.ም. ክረምት ነው። ትምህርት ቤት ስለተዘጋ ቀኑን የምውለው አጎቴ ሱቅ ውስጥ ነበር። አጎቴ መደርደሪያው ላይ፣ ከሳሙናውና ከክብሪቱ በላይ፣ የፊሊፕስ ሬዲዮ ነበረው። አመሻሽ ላይ ጎረቤቶች ጋቢያቸውን ተከናንበው ይመጡና ብስራተ ወንጌልንም የጀርመን ድምፅንም ያዳምጡ ነበር። ነሐሴ በገባ በሦስተኛው ቀን፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ኦገስት 9 ቀን 1974፣ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሪቻርድ ኒክሰን ሥልጣን ለቀቁ። ዜናው ሲነበብ ሱቁ ውስጥ ከነበሩት አንዱ፣ ጡረታ የወጡ ሃምሳ አለቃ፣ «የትኛው ክፍለ ጦር ነው የያዘው?» ብለው ጠየቁ። በዚያ ክረምት ይህ ተገቢ ጥያቄ ነበር። አዲስ አበባ ላይ ደርግ አራተኛ ክፍለ ጦር ግቢ ተሰብስቦ ባለሥልጣናቱን አንድ በአንድ እያሰረ ነበር፤ ከአንድ ወር በኋላም፣ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። አጎቴ «ሃምሳ አለቃ፣ ጦር የለበትም፤ ራሱ ነው የለቀቀው ይላሉ» አላቸው። «ያለ ጦር ማን ያስለቅቃል?» አሉት። አጎቴም ከሬዲዮ የሰማውን ነገራቸው፤ ሁለት ጋዜጠኞች ምስጢሩን አወጡበት አለ። ሃምሳ አለቃው ራሳቸውን ነቅንቀው ዝም አሉ፤ እንዳላመኑት ልጅ ሆኜም ገብቶኝ ነበር።

ሃምሳ አለቃው አለማመናቸው ትክክል ነበር። ሁለት ጋዜጠኞች ብቻቸውን ፕሬዚዳንት አያወርዱም። የጋዜጠኞቹ ድርሻ ትልቅ ነው፤ ይህን ማንም አይክድም። ነገር ግን ጉዳዩን፣ ማለትም የተቃዋሚው ፓርቲ ጽሕፈት ቤት ተሰብሮ የተገባበትንና ዋይት ሐውስ ሊሸፍነው የሞከረውን የዋተርጌት ቅሌት፣ በችሎት አጥብቀው የያዙት ጆን ሲሪካ የሚባሉ የዋሽንግተን ፌዴራል ዳኛ ነበሩ። ጁላይ 24 ቀን 1974 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንቱ በቢሯቸው ያስቀረጿቸውን የንግግር ቅጂዎች እንዲያስረክቡ በ8 ለ0 ድምፅ ወሰነ፤ ከስምንቱ ዳኞች ሦስቱን የሾሟቸው ኒክሰን ራሳቸው ነበሩ። የተወካዮች ምክር ቤት የፍትሕ ኮሚቴ ሦስት የክስ አንቀጾችን ሲያጸድቅ ከፕሬዚዳንቱ ፓርቲ የሆኑ አባላትም አብረው ድምፅ ሰጡ። ኦገስት 7 ቀን ሦስት የሪፐብሊካን መሪዎች፣ ባሪ ጎልድዋተር፣ ሂዩ ስኮትና ጆን ሮድስ፣ ወደ ዋይት ሐውስ ሄደው በምክር ቤቶቹ የሚያድናቸው ድምፅ እንደሌለ ነገሯቸው። በማግስቱ ማታ ኒክሰን በቴሌቪዥን ቀርበው መልቀቃቸውን አስታወቁ። ለሃምሳ አለቃው ጥያቄ መልሱ ይህ ነበር፤ ያለ ጦር የሚያስለቅቅ ተቋም አለ፣ ስሙም ይታወቃል፣ አሠራሩም ይታወቃል። በዚያ ወር ከዚህ የበለጠ ኢትዮጵያዊ ጆሮ የሚያስፈልገው ዜና ነበር? ደሴ ሱቅ ውስጥ የደረሰው ግን የአንድ ሰው ውድቀት ብቻ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ከግማሽ ምዕት ዓመት በላይ አልፏል፤ አተራረኩ ግን አልተለወጠም። ጃንዋሪ 20 ቀን 2025 ፕሬዚዳንት ትራምፕ ለሁለተኛ ጊዜ ሥልጣን በያዙ ዕለት፣ እናታቸው ያለ ፈቃድ ወይም በጊዜያዊ ቪዛ እዚህ ላሉና አባታቸው ዜጋ ወይም ቋሚ ነዋሪ ላልሆነ ሕፃናት በመወለድ ዜግነት እንዳይሰጥ የሚያዝ ፕሬዚዳንታዊ ትዕዛዝ ፈረሙ። በዚያው ሌሊት እህቴ ከአዲስ አበባ ደወለችልኝ። ልጇ ሲልቨር ስፕሪንግ በተማሪ ቪዛ የምትኖር ነፍሰ ጡር ናት። «የምትወልደው ልጅ አሜሪካዊ አይሆንም ብለው አወጁ፤ እውነት ነው ወይ ወንድም ጋሼ?» አለችኝ። ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። የሰማችው ዜና «ትራምፕ በመወለድ የሚገኝ ዜግነትን አስቀሩ» የሚል ርዕስ ነበረው፤ ዘጋቢው ትዕዛዝ መፈረሙን አይቷል፣ የተፈረመ ሁሉ የተፈጸመ መስሎታል።

ቀጥሎ የሆነው ምንድን ነው? ዋሽንግተን፣ አሪዞና፣ ኢሊኖይና ኦሪገን የተባሉት አራት ክፍላተ ግዛት ከሰሱ። ትዕዛዙ በተፈረመ በሦስተኛው ቀን ጆን ኩናወር የተባሉ የሲያትል ፌዴራል ዳኛ፣ ሮናልድ ሬገን በ1981 የሾሟቸው አዛውንት፣ ትዕዛዙ ሕገ መንግሥቱን በግልጽ የሚጥስ ነው ብለው አገዱት። መሠረታቸው በ1868 የጸደቀው አሥራ አራተኛው ማሻሻያ ነበር። ክርክሩ ከዚያም ቀጥሎ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሷል። እህቴን ግን ሁለተኛው ዜና አልደረሳትም። እገዳውን የነገርኳት እኔ ነኝ፤ እርሷም «ታዲያ ይህን ለምን አይናገሩም?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔም ይህንኑ ጥያቄ ለእናንተ አቀርባለሁ። የፊርማው ዜና በዓለም ዳርቻ በአንድ ሌሊት ሲደርስ የእገዳው ዜና ለምን መንገድ ላይ ይቀራል?

ከሥራው ውስጥ ስለኖርኩ ምክንያቱን በተወሰነ ደረጃ አውቀዋለሁ። ብዙዎቹ የውጭ ዘጋቢዎች ቢሯቸው ከዋይት ሐውስ በጥቂት መንገድ በሚርቀው በናሽናል ፕሬስ ሕንፃና በአካባቢው ነው። ለሃምሳ ክፍላተ ግዛት አንድ ወይም ሁለት ሰው ነው የሚመደበው። ፕሬዚዳንቱ በየቀኑ ይናገራሉ፣ ካሜራው ተተክሎ ይጠብቃል፣ ፊታቸውን የማያውቅ ተመልካች የለም። የሲያትልን ዳኛ ለማስተዋወቅ ግን ሁለት ደቂቃ ያስፈልጋል፤ የዜናው ጠቅላላ ጊዜ ደግሞ ሁለት ደቂቃ ነው። አርታዒው ለንደን ወይም ፓሪስ ተቀምጦ «ፕሬዚዳንቱ ምን አሉ?» ብሎ ነው የሚጠይቀው። ይህን የምለው ባልደረቦቼን ለመክሰስ አይደለም፤ አብዛኞቹ ቅን ሰዎች ናቸው። ሆኖም ቅን ሰዎች ተደራጅተው በየቀኑ አንድ ዓይነት ጎደሎ ሥዕል ከሠሩ፣ ሥዕሉን የሚያየው ሕዝብ አገሪቱን ጎደሎ አድርጎ ያውቃታል።

ሁለተኛው ነጥቤ ከዚህ የከበደ ነው፤ ዘጋቢው ታሪኩን ከአገሩ ጽፎ ይዞ ሲመጣ።

በ2008 መጀመሪያ ለአንድ የአማርኛ ሬዲዮ ልዘግብ ወደ አዮዋ ሄጄ ነበር። ጃንዋሪ 3 ቀን ማታ፣ ብርዱ ፊት በሚቆርጥበት ሰዓት፣ ዴ ሞይን ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት የስፖርት አዳራሽ የዴሞክራቶች ጉባኤ ምርጫ ተካሄደ። ላላያችሁት አሠራሩ እንዲህ ነበር፤ ሰዎች ወረቀት ሳይጥሉ፣ የሚደግፉት ዕጩ ስም በተለጠፈበት ማእዘን ሄደው ይቆማሉ። ከተሰብሳቢው 15 በመቶ ያልሞላ ቡድን ይፈርሳል፤ አባላቱም ወደ ሌላ ማእዘን እንዲመጡ ጎረቤቶቻቸው ይለምኗቸዋል። አንድ የውጭ ቴሌቪዥን ቡድን አጠገቤ ነበር። ሰዎቹ ለኦባማ የሚጮኹ ወጣቶችን ቀረጹ፣ መፈክር ደግማችሁ በሉልን አሏቸው፣ ከዚያ ገመዳቸውን ጠቅልለው ሄዱ። እውነተኛው ነገር የተጀመረው እነርሱ ከወጡ በኋላ ነው። በጆ ባይደን ማእዘን የቆሙት ጥቂት ሰዎች ቁጥራቸው አልሞላም። ከመካከላቸው አንድ የሱፍ ቆብ ያደረጉ ሽማግሌ ገበሬ ነበሩ። አንዲት የትምህርት ቤት መምህርት ከኦባማ ወገን፣ የራሳቸው ጎረቤት ደግሞ ከሂላሪ ክሊንተን ወገን መጥተው፣ አንዱ ስለ ጤና መድን፣ አንዱ ስለ ኢራቅ ጦርነት ሲነግሯቸው ሽማግሌው በትዕግሥት ሰሙ፣ ጠየቁ፣ መልስ ሲያጡ ደግመው ጠየቁ። በመጨረሻ ወደ መምህርቲቱ ማእዘን በዝግታ ተሻገሩ። ጎረቤታቸውም ትከሻቸውን መታ መታ አድርጎ መልካም ምሽት ተመኘላቸው። ያን ሌሊት ኦባማ አዮዋን አሸነፉ፤ ባይደን ከውድድሩ ወጡ፤ ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ ግን ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ። በማግስቱ ሆቴሌ ውስጥ በቴሌቪዥን የታየው ጩኸቱ ነበር። የሽማግሌውን ጥያቄና የጎረቤታቸውን ትከሻ መታ ማድረግ የትኛውም ጣቢያ ላይ አላየሁም።

የዚያ ቡድን ጥፋት ቸኩሎ መውጣት ነው። ከዚህ ወደባሰው ልሂድ። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት በሚኒሶታ ምዕራባዊ ጫፍ ፈርገስ ፎልስ የምትባል 13 ሺህ ያህል ሕዝብ ያላት ከተማ አለች። ከ2016ቱ ምርጫ በኋላ ታላቁ የጀርመን መጽሔት ደር ሽፒግል ክላስ ሬሎቲየስ የተባለ፣ ሽልማት በሽልማት የሆነ ወጣት ዘጋቢውን ወደዚያ ላከ። ዓላማው የጀርመን አንባቢ የትራምፕን መራጮች እንዲያውቅ ነበር፤ ዓላማው መልካም ነበር። ሰውየው ከተማው ውስጥ ሳምንታት ኖረ። በማርች 2017 የወጣው ጽሑፍ ግን ስለ ሌላ ከተማ የተጻፈ ይመስላል። በከተማዋ መግቢያ ሜክሲኮዎች እንዳይገቡ የሚል ጽሑፍ ተተክሏል አለ፤ እንዲህ ያለ ጽሑፍ አልነበረም። የከተማዋ አስተዳዳሪ ባሕር አይቶ የማያውቅ፣ የሴት ጓደኛ ኖሮት የማያውቅ ሰው ነው አለ፤ አስተዳዳሪው ከፍቅረኛው ጋር ባሕር ዳር የተነሣው ፎቶግራፍ ነበረው። በከተማዋ ሲኒማ ቤት ከሁለት ዓመት በፊት የወጣ የጦርነት ፊልም እስካሁን ሰው ሞልቶ ይታያል አለ፤ ፊልሙ ከቆመ ቆይቶ ነበር። በሬ ወለደ ማለት ይህ ነው።

ሁለት የከተማዋ ነዋሪዎች ጽሑፉን ቃል በቃል አስተርጉመው፣ ከአንድ ዓመት በላይ ጊዜ ወስደው፣ እያንዳንዱን አባባል ከእውነቱ ጋር አስተያዩ። በዲሴምበር 2018 ሁዋን ሞሬኖ የተባለ የመጽሔቱ የራሱ ባልደረባ፣ ስለ አሪዞና ድንበር አብረው በሠሩት ሌላ ዘገባ ተጠራጥሮ ብቻውን ባደረገው ማጣራት የሬሎቲየስ ሥራ ተጋለጠ፤ መጽሔቱም ጥፋቱን በይፋ አምኖ ሌላ ዘጋቢ ወደ ፈርገስ ፎልስ ልኮ ይቅርታ ጠየቀ። አሁን አንድ ነገር አስቡልኝ። ደር ሽፒግል በዓለም ከታወቁት ትልልቅ የመረጃ ማጣሪያ ክፍሎች አንዱ ያለው ተቋም ነው። ያን ሁሉ አጣሪ ውሸቱ እንዴት አለፈው? እኔ እንደሚመስለኝ ውሸቱ ሁሉም አስቀድሞ ያመነበትን ስለመሰለ ነው። አርታዒውም አንባቢውም የትራምፕ መራጭ ምን እንደሚመስል ዘገባው ከመጻፉ በፊት ያውቁት ነበር፤ ሰው ያወቀውን ነገር ደግሞ አያጣራም። ትራምፕን የሚወድም የሚጠላም ይህን ልብ ሊለው ይገባል፤ በዚያ ጽሑፍ የተበደሉት ፕሬዚዳንቱ ሳይሆኑ 13 ሺህ ሰዎች ናቸው።

ከማሳየት አልፎ ምርጫውን ለማዘንበል የተሞከረበትም ጊዜ አለ። በኦክቶበር 2004 የእንግሊዙ ጋርዲያን ጋዜጣ አንባቢዎቹ በኦሃዮ ክላርክ ካውንቲ ላሉ መራጮች ደብዳቤ እንዲጽፉ ቀሰቀሰ። ካውንቲውን የመረጡት በ2000 አል ጎር በ324 ድምፅ ብቻ ስላሸነፉበት ነው። ከአሥር ሺህ በላይ አንባቢ የመራጭ አድራሻ ወሰደ። የደብዳቤዎቹ ሐሳብ በጥቅሉ ቡሽን አትምረጡ የሚል ነበር። የካውንቲው ሰው የባዕድ ምክር አስቆጣው፤ በኖቬምበር ክላርክ ካውንቲ ለጆርጅ ቡሽ ድምፁን ሰጠ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይላል ያገሬ ሰው። ከምርጫው በኋላ ደግሞ ደይሊ ሚረር የተባለው የለንደን ጋዜጣ በፊት ገጹ 59,054,087 ሰው እንዴት ይህን ያህል ደደብ ይሆናል ብሎ ጠየቀ። ወገኖቼ፣ ይህ ጋዜጠኝነት ነው? ከዚያ ቁጥር ውስጥ ወንድሙ ኢራቅ የዘመተበት፣ ስለ ሃይማኖቱ የተጨነቀ፣ የግብር ነገር ያሳሰበው ስንት አለ? የለንደን አንባቢ አንዱንም ሳያውቅ ሁሉንም ሰደበ።

የዚያው ካውንቲ ዋና ከተማ ስፕሪንግፊልድ እንደገና በዓለም ዜና የገባችው በሴፕቴምበር 2024 ነው። ትራምፕ ከካማላ ሃሪስ ጋር ባደረጉት ክርክር የሄይቲ ስደተኞች የሰው ውሻና ድመት ይበላሉ አሉ። የከተማዋ ሹማምንት ማስረጃ የለም አሉ፤ በስፕሪንግፊልድ የተወለዱት የኦሃዮ አገረ ገዥ ማይክ ደዋይን፣ ራሳቸው ሪፐብሊካን ሆነው፣ ለስደተኞቹ በግልጽ ተከራከሩላቸው። ከዚያ በትምህርት ቤቶችና በመሥሪያ ቤቶች ላይ ከ30 በላይ የቦምብ ዛቻዎች ደረሱ፤ ብዙዎቹ ከውጭ አገር የተላኩ እንደሆኑ አገረ ገዥው አስታወቁ። የውጭ ዘጋቢዎች ማስተባበያውንም ዘግበዋል፤ ይህን ማለት ይገባኛል። ነገር ግን በአዲስ አበባም በናይሮቢም ሰው አእምሮ ውስጥ የቀረው የአንዱ ሰው ዐረፍተ ነገር ነው። የአገረ ገዥውን ስም ስንቶቻችን እናውቃለን?

የቢቢሲን ጉዳይ ሳላነሣ ማለፍ አልችልም፤ ከሁሉም ይልቅ የሚያሳዝነኝ እርሱ ነው። ፓኖራማ የተባለው ፕሮግራም በኦክቶበር 2024፣ ከምርጫው በፊት በነበረው ሳምንት፣ ትራምፕ ደጋፊዎቻቸው ካፒቶልን በወረሩበት ዕለት፣ ጃንዋሪ 6 ቀን 2021፣ ያደረጉትን ንግግር ሲያቀርብ ከ50 ደቂቃ በላይ የሚራራቁ ሁለት ክፍሎችን እንደ አንድ አድርጎ አያያዛቸው። ወደ ካፒቶል እንሂድ ያሉትና አጥብቃችሁ ታገሉ ያሉት በአንድ ትንፋሽ የተባለ መሰለ፤ በሰላም ድምፃችሁን አሰሙ ያሉበት ክፍል አልተካተተም። ነገሩ ሲወጣ፣ በኖቬምበር 2025፣ ዋና ዳይሬክተሩ ቲም ዴቪና የዜና ክፍሉ ኃላፊ ዴቦራ ተርነስ ሥልጣናቸውን ለቀቁ፤ ተቋሙም ይቅርታ ጠየቀ። ለምን አዘንኩ? ያ ቀን ምስል ቆርጦ መቀጠል የሚያስፈልገው ቀን አልነበረም። 140 ያህል ፖሊሶች ተጎድተዋል፤ ከ1,500 በላይ ሰዎች ተከስሰዋል፤ የምርጫው ውጤት የሚጸድቅበት ስብሰባ ተቋርጧል። ይህ ሁሉ በፍርድ ቤት መዝገብ ያለ ነው። እውነቱ በቂ በሆነበት ቦታ ላይ መቀስ ማንሣት እውነቱን ራሱን ለጥርጣሬ መስጠት ነው። ዛሬ ያን ቀን አልሆነም ብሎ መካድ የሚፈልግ ሰው በእጁ አንድ ምክንያት አለው፤ ምክንያቱን የሰጡት ደግሞ እውነቱን እናስተምራለን ያሉት ናቸው።

በመንግሥት ትዕዛዝ የሚሠሩትን በአጭሩ አልፋቸዋለሁ፤ ዓላማቸው የታወቀ ነውና። በ1983 ኤድስን የአሜሪካ መንግሥት በቤተ ሙከራ ፈጠረው የሚለው ወሬ መጀመሪያ በአንድ የሕንድ ጋዜጣ ወጣ፤ ከበስተኋላው የሶቪየት የስለላ ድርጅት ነበር፤ ወሬው አፍሪካን አዳርሶ እኛም አገር ደርሷል። ዛሬ የሞስኮም የቤጂንግም ጣቢያዎች እንዲህ ያለ ተረት መፍጠር ብዙ አያስፈልጋቸውም። የአሜሪካን ጠብ ከአሜሪካ ጣቢያዎች ወስደው፣ እርቁንና ፍርዱን ትተው፣ ጠቡን ብቻ ያሳያሉ።

ሦስተኛውና ለልቤ ቅርብ የሆነው ነጥብ የራሳችን ነው። በአማርኛ የሚቀርበው የአሜሪካ ዜና በአብዛኛው ከሮይተርስ፣ ከኤኤፍፒ፣ ከቢቢሲ ይወሰዳል። ስለዚህ ከላይ የተናገርኩት ጉድለት ሁሉ ወደ እኛ ሲመጣ በአማርኛ ይቀጥላል፣ አንዳንዴም ይጨምራል። ከ1982 ጀምሮ በአማርኛ ሲያሰራጭ የኖረው የአሜሪካ ድምፅ በማርች 2025 ሠራተኞቹ ከሥራ ገበታቸው እንዲርቁ ሲደረግ፣ ከዚሁ ከዋሽንግተን ሆኖ ኮሚቴ ለኮሚቴ እየተዘዋወረ በአማርኛ የሚነግረን ድምፅ ተጓደለ። አንዳንዶቻችን ያን ጣቢያ ስንወቅስ የኖርን ነን፤ ግን በቦታው ምን ተተካ?

ኦክቶበር 23 ቀን 2020 የሆነውን ታስታውሳላችሁ። ፕሬዚዳንት ትራምፕ ከሱዳንና ከእስራኤል መሪዎች ጋር በስልክ ሲነጋገሩ ግብፅ ግድቡን ታፈነዳዋለች የሚል ቃል በካሜራ ፊት ተናገሩ። በማግስቱ የኢትዮጵያ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የአሜሪካውን አምባሳደር ጠርተው ማብራሪያ ጠየቁ። ቁጣችን ተገቢ ነበር፤ የእኔም ቁጣ ነበር። ካይሮ ያለው ጣቢያም አዲስ አበባ ያለውም ያችን ዐረፍተ ነገር ይዞ «አሜሪካ እንዲህ አለች» አለ። በዚያው ዓመት ግን በዋሽንግተን ውስጥ ሌላም ድምፅ ነበር። የኮንግረሱ ጥቁር አባላት ቡድን በሰኔ ወር አሜሪካ በግድቡ ድርድር ለማንም ሳታዳላ እንድትቆም ጠይቆ ነበር። ድርድሩን ይመራ የነበረው ከዲፕሎማቶቹ መሥሪያ ቤት ይልቅ የገንዘብ ሚኒስቴሩ መሆኑ ራሱ እዚህ ብዙ ጥያቄ ያስነሣ ጉዳይ ነበር። በግድቡ ምክንያት ተይዞ የነበረው የእርዳታ ገንዘብ ከግድቡ ጉዳይ እንዲለይ በፌብሩዋሪ 2021 አዲሱ አስተዳደር አስታወቀ። በር የሚያንኳኳ ሰው የትኛው በር ክፍት እንደሆነ ካላወቀ የት ይሄዳል? እኛ በዚያ ወራት በረዶ ላይ ቆመን ዋይት ሐውስ ፊት ስንጮህ፣ ጩኸታችን ሊሰማ የሚችልባቸው የኮሚቴ ቢሮዎች ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ ነበሩ።

በ2022 መጀመሪያ ላይ ደግሞ ከኢትዮጵያው ጦርነት ጋር በተያያዘ ማዕቀብ እንዲጣል የሚጠይቀው፣ ኤች አር 6600 የተባለው ረቂቅ ሕግ መጣ። ረቂቁ በተወካዮች ምክር ቤት የውጭ ጉዳይ ኮሚቴ ሲያልፍ ስልኬ ቀኑን ሙሉ አላረፈም። «አሜሪካ ሕግ አወጣችብን» የሚል ርዕስ በየቦታው ነበር። ረቂቁ ግን በምክር ቤቱ ሙሉ ጉባኤ አላለፈም፤ በሕግ መወሰኛው ምክር ቤት አላለፈም፤ ለፕሬዚዳንቱ ፊርማ አልቀረበም። በአንድ የኮንግረስ ዘመን ከአሥር ሺህ በላይ ረቂቆች ይቀርባሉ፤ ሕግ የሚሆኑት ጥቂት መቶዎች ናቸው። ረቂቁን ካቀረቡት ዋነኛው፣ የኒው ጀርዚው ቶም ማሊኖውስኪ፣ በዚያው ዓመት ኖቬምበር ወንበራቸውን በምርጫ አጡ። ረቂቁን የደገፈም የተቃወመም በመካከላችን አለ፤ ዛሬ ያን ክርክር አላነሣም። የምጠይቀው ይህን ነው፤ በዚያ ሰሞን ረቂቁ የት ደረጃ ላይ እንዳለ፣ ቀጥሎ ወዴት እንደሚሄድ፣ ማን ሊያቆመው ወይም ሊገፋው እንደሚችል በአማርኛ በጥንቃቄ የነገረን ማን ነበር?

ስለዚህ የምለምናችሁ ነገር አለ። ከአገር ቤት ሲደወልላችሁ፣ «ትራምፕ ምን አለ?» ተብላችሁ ስትጠየቁ፣ የተባለውን ነግራችሁ አታቁሙ። ፍርድ ቤት አለበት ወይ፣ ምክር ቤት ይሁን ብሏል ወይ፣ የምትኖሩበት ክፍለ ግዛት ምን አቋም ያዘ የሚለውን ጨምሩበት። ይህን ለማወቅ ጋዜጠኛ መሆን አያስፈልግም፤ የማንኛውም ረቂቅ ሕግ ደረጃ በኮንግረሱ ድረ ገጽ በነፃ ይገኛል። እንግሊዝኛው የሚያስቸግራቸው ወላጆች ካሉ ልጆቻችሁን አስነብቧቸው፤ ልጆቹም በዚያው ይማሩበታል።

ወጣቶች፣ በተለይ በማኅበራዊ መገናኛ ዜና የምታቀርቡ፣ እናንተን ደግሞ ለብቻ ላናግር። ኖቬምበር 3 ቀን 2026 ምርጫ አለ። የተወካዮች ምክር ቤት 435 ወንበሮች በሙሉ፣ የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት 35 ወንበሮች፣ የ36 ክፍላተ ግዛት አገረ ገዥዎች ለውድድር ይቀርባሉ። በዚያ ሌሊት ከለንደንም ከዶሃም የሚመጣውን ርዕስ ከአሁኑ መገመት ይቻላል፤ ትራምፕ አሸነፉ ወይም ትራምፕ ተሸነፉ ይሆናል፣ የእርሳቸው ስም በአንድም ወረቀት ላይ ሳይኖር። ወንዙን ተሻግሮ በሞንትጎመሪ ካውንቲ፣ በሺህ የሚቆጠሩ የእኛ ልጆች በሚማሩበት፣ የካውንቲው ሥራ አስፈጻሚ፣ የካውንቲው ምክር ቤትና የትምህርት ቦርድ አባላት በዚያው ቀን ይመረጣሉ። የልጆቻችንን አውቶቡስ፣ የምግብ ቤቶቻችንን ፈቃድ፣ የቤታችንን ግብር የሚወስኑት እነርሱ ናቸው። ከእናንተ አንዱ የትምህርት ቦርድ ዕጩዎችን ክርክር፣ ሌላው የአንድ የምርጫ ጣቢያን ውሎ፣ ሌላዋ የአንድ የኮንግረስ ወንበርን ውድድር ይዞ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአማርኛ ቢዘግብ፣ አዲስ አበባ ያለ አድማጭ እስካሁን አይቷት የማያውቃትን አሜሪካ ያያል። ለመሥራት የምትፈልጉ ከጉባኤው በኋላ በበሩ አጠገብ እጠብቃችኋለሁ፤ አርትዖቱን እኔ አግዛለሁ፣ የሚያሰራጩ ጣቢያዎችንም አብረን እናነጋግራለን። የመጀመሪያው ስብሰባችን የሚመጣው ቅዳሜ እዚሁ አዳራሽ፣ ከቀኑ በስምንት ሰዓት ነው።